ከልብ ነው ወይስ ከአንገት በላይ? የሰሜን ኮሪያ የመሪ አምልኮ በተግባር ሲታይ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በሰሜን ኮሪያ በየቤቱ የመሪዎቹ ፎቶግራፍ ይሰቀላል፣ ሰዉ ሐውልት ሥር ቆሞ እጅ ይነሳል፣ መሪ ሲሞት ደረቱን ይደቃል ሲባል እንሰማለን። ሕዝቡ ይህን የሚያደርገው ከልቡ አምኖ ነው ወይስ ከአንገት በላይ? ደግሞስ አንድ መንግሥት ይህን ሁሉ ሰው ለሦስት ትውልድ በምን ዘዴ ነው እንዲህ አድርጎ መያዝ የቻለው?»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያው የሚፈታው በእሱ ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፒዮንግያንግ ሥርዓት ማንንም «ታምናለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «አደረግህ ወይ? ማን አየህ? የት ተመዘገበ?» ነው የሚለው። ከውጭ ሃይማኖት የሚመስለን ነገር ውስጡ ሲገቡ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሆኖ ይገኛል፦ መዝገብ አለው፣ ተረኛ አለው፣ ፈታሽ አለው፣ ቅጣትና ሽልማት አለው። ሰው በሆዱ የያዘውን ማወቅ ለየትኛውም መንግሥት ይከብዳል። ፎቶግራፉ አቧራ መያዝ አለመያዙን ግን በጣት ጠረግ አድርጎ ማየት ይቻላል። ሥርዓቱ የቆመው በዚህ በሚታየውና በሚቆጠረው ላይ ነው።

አጀማመሩ ያን ያህል የተለየ አልነበረም። የአገሪቱ የመጀመሪያ መሪ ኪም ኢል ሱንግ በሴፕቴምበር 1945 በሶቪየት መርከብ ወንሳን ወደብ ሲደርሱ የ33 ዓመት ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት ካባሮቭስክ አጠገብ በሰፈረው የሶቪየት ጦር 88ኛ ብርጌድ ውስጥ በሻምበልነት አገልግለዋል። ይፋዊው ታሪክ ይህን ይዘለዋል። በምትኩ በጁን 1937 ፖቾንቦ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ የመሩት የሽምቅ ጥቃት የጸረ ጃፓን ትግሉ ማዞሪያ ተደርጎ ይተረካል። ጥቃቱ በእርግጥ ተፈጽሟል፤ በወቅቱ የነበረ የኮሪያ ጋዜጣም ዘግቦታል። የፕሮፓጋንዳ ሥራ የሚያጠና ሰው ይህችን ነገር ልብ ይበል፦ ጥሩ ፕሮፓጋንዳ ከባዶ ሜዳ አይነሳም። አንዲት እውነተኛ ፍሬ ይፈልጋል፤ እሷን እያጠጣ ዛፍ ያደርጋታል።

በ1946 የተከፈተው የአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የኪም ኢል ሱንግን ስም ሲይዝ ሰውየው ገና 34 ዓመታቸው ነበር። ይህ ሁሉ ግን በዚያ ጊዜ ከስታሊን አገር የተቀዳ ልማድ ነበር፤ ቡዳፔስትም ፕራግም የሚደረገው ይኸው ነው። መንገዱ የተለየው ከ1956 ወዲህ ነው። በፌብሩዋሪ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ የስታሊንን የግለሰብ አምልኮ ካወገዘ በኋላ፣ በኦገስት በኮሪያ ሠራተኞች ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ጥቂት ባለሥልጣናት ያንኑ ትችት በኪም ላይ አነሱ። ተሸነፉ። ሞስኮ ሚኮያንን፣ ቤጂንግ ፐንግ ደኋይን ልከው የተባረሩት እንዲመለሱ ቢያስደርጉም ለጊዜው ብቻ ነበር፤ ውሎ አድሮ ሁሉም ተጠረጉ። በ1967 ደግሞ የካፕሳን ቡድን የሚባሉት፣ የኪም የቀድሞ የትግል ጓዶች የነበሩት ሳይቀሩ ተወገዱ። ከዚያ በኋላ በፓርቲው ውስጥ መሪውን ሊያርም የሚችል ድምፅ አልቀረም። ሞስኮ ስትለዝብ ፒዮንግያንግ ያጠበቀችው ለዚህ ነው፦ በእሷ ዘንድ የአምልኮው መላላት የሥልጣን መላላት ሆኖ ታይቷል።

ነገሩን ከልማድ ወደ ደንብ የለወጠው ልጅየው ኪም ጆንግ ኢል ነው። በፓርቲው የፕሮፓጋንዳና ቅስቀሳ መምሪያ ውስጥ ያደገ ሰው ሲሆን፣ በ1974 «የፓርቲው ወጥ የአስተሳሰብ ሥርዓት አሥር መርሆዎች» የተባለውን ሰነድ አወጣ። በውስጡ 65 ንዑስ አንቀጾች ነበሩት፤ በ2013 ተሻሽሎ 60 ሆነ። ሕገ መንግሥት አይደለም፤ በተግባር ግን ከሕገ መንግሥትም ከፓርቲው ፕሮግራምም በላይ ነው። ከዜጎች የሚጠበቀውም በቃል መያዝ ነው። ሦስተኛው መርሆ የመሪውን ሥልጣን ፍጹም ያደርጋል፤ በሥሩ ፎቶግራፍ፣ የደረት ምስል፣ ሐውልት፣ የደረት ዓርማና የመሪው ምስል ያለበት ኅትመት በክብር እንዲያዝና እንዲጠበቅ ያዛል። ሌላው ንግግርም ሆነ ሪፖርት በመሪው ቃል እንዲጀምርና በእሱ ላይ እንዲመሠረት ያደርጋል። አሥረኛው ነገሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ ይላል። ልጅየው ስለ አባቱ የጻፈው ይመስላል እንጂ ለራሱ ውርስ መንገድ እየጠረገ ነበር።

አሁን ወደ ግድግዳው እንሂድ።

የኪም ኢል ሱንግ ፎቶግራፍ በየቤቱ መግባት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ የልጃቸው ቆይቶ ከጎኑ ተጨመረ። ሱቅ ውስጥ አይገዛም፤ ከመንግሥት የሚታደል ነው። የሚሰቀለው በዋናው ክፍል፣ ለዓይን በሚቀድመው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ የቤተሰብ ፎቶ ይሁን የቀን መቁጠሪያ ሌላ ነገር አይሰቀልም። ክፈፉ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አይልም፤ ከላይ በኩል ወደ ፊት ዘንበል ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ፊቶቹ ወደ ክፍሉ ቁልቁል የሚያዩ ይመስላሉ፣ መስተዋቱ ብርሃን አያንጸባርቅም፣ አቧራም ቶሎ አያርፍበትም። ክፈፉን ለማጽዳት ብቻ የሚውል ነጭ ጨርቅ በራሱ ሣጥን ተቀምጦ ይጠብቃል። ያ ጨርቅ ለጠረጴዛ፣ ለመስኮት፣ ለምንም አይውልም።

ፈታሹ ማነው? ኢንሚንባን የሚባል የሰፈር ቡድን አለ፤ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ አባወራዎችን ይይዛል። ቀበሌን ያዩ አንባቢዎች ቀበሌን ያስቡ፤ ነገር ግን አንድ ደረጃ ብቻ ወይም አንድ ደጅ እስኪሆን ድረስ የተቆራረጠ። ሰብሳቢዋ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ማን አደረ፣ ማን መጣ፣ ማን ገንዘብ አገኘ፣ ሁሉን ታውቃለች። ፍተሻው ሳይነገር ይመጣል። ክፈፉ ከተንጋደደ ወይም አቧራ ከተገኘበት የቤቱ ባለቤት ስሙ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሳል። ደጋግሞ ከተገኘ ወደ መዝገቡ ይገባል። መዝገቡ ደግሞ ሶንግቡን ከሚባለው የትውልድ ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው፦ ሕዝቡ በአያትና በአባት ታሪክ «ታማኝ»፣ «ወላዋይ»፣ «ጠላት» ተብሎ ይከፈላል። ዩኒቨርሲቲ፣ የፓርቲ አባልነት፣ በዋና ከተማው መኖር፣ ሁሉም በዚህ ይወሰናል። አቧራው የልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። እናት ጠዋት ተነስታ ክፈፉን ስትጠርግ የምታስበው ስለ መሪው ይሁን ስለ ልጇ ማንም አይጠይቃትም፤ መጥረጓ ይበቃል።

እሳት ወይም ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚወጣው ክፈፉ ነው ይባላል። በኤፕሪል 2004 ሪዮንግቾን ባቡር ጣቢያ ላይ ከባድ ፍንዳታ ሲደርስ፣ የመንግሥቱ ዜና አገልግሎት በሚፈርሱ ቤቶች ውስጥ ገብተው ፎቶግራፎቹን ሲያወጡ የሞቱ ሰዎችን እያወደሰ ዘግቧል። በ2012 ጎርፍ ፎቶግራፎቹን ለማዳን ስትል የሰመጠች የ14 ዓመት ተማሪ ከሞተች በኋላ ተሸልማለች። ይህ ዓይነቱ ዜና ለውጭ ሰው ለማመን ይከብደዋል፤ ለአገሬው ግን የዋጋ ዝርዝር ነው። ምን ከምን እንደሚበልጥ በግልጽ ተጽፎለታል።

ከክፈፉ በላይ ሥራ የሚሠራው ግን በየሳምንቱ የሚደረገው የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ነው፤ በኮሪያኛ ሴንግህዋል ቾንግህዋ ይሉታል። ደርግን የሚያስታውስ አንባቢ ቃሉን ስለሚያውቀው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ ድግግሞሹና ማንንም አለመተዉ ነው። ሁሉም ሰው የአንድ ድርጅት አባል ነው። ልጆች የሕፃናት ኅብረት፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ የወጣቶች ሊግ፣ ሠራተኛው የሠራተኛ ማኅበር፣ ገበሬው የገበሬ ማኅበር፣ ሥራ የሌላት ባለትዳር የሴቶች ማኅበር፣ የተመረጠው ደግሞ ፓርቲው ውስጥ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሰው የለም። ሳምንታዊው ስብሰባ በወር፣ በሩብ ዓመትና በዓመት መጨረሻ ከፍ ባለ መልክ ይደገማል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ተናጋሪው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ይነሳል። በመጀመሪያ ከመሪው ቃል አንድ ጥቅስ ወይም ከአሥሩ መርሆዎች አንዱን ያነባል። ቀጥሎ በዚያ ጥቅስ ሲመዘን በሳምንቱ ውስጥ ምን እንዳጎደለ ይናዘዛል፦ ሥራ ላይ ዘግይቷል፣ ጥናት ላይ አንቀላፍቷል፣ የደረት ዓርማውን ሳያደርግ ወጥቷል። ከዚያ ለምን እንደሆነ ምክንያቱን ከራሱ አስተሳሰብ ድክመት ያመጣል፤ «አውቶቡስ ጠፍቶ ነው» ማለት አይሠራም። ለመታረም ቃል ይገባል። በመጨረሻ ከተሰብሳቢው መሐል አንዱን በስሙ ጠርቶ ይተቸዋል፤ የተተቸው ተነስቶ ይቀበላል። ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚበቃው። ደብተሩ ይሰበሰባል፣ ይታያል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ለማንም ግልጽ ነው፤ ሰው በየሳምንቱ አዲስ ኃጢአት ከየት ያመጣል? ከአገር የወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ብልሃት አለ፦ ጓደኛሞች ቀድመው ይዋዋላሉ። «አንተ በመዘግየት ተቸኝ፣ እኔ በጽዳት እተችሃለሁ»። ትችቱ ሲነገር እውነተኛ እንዲመስል ትንሽ መረር ማለት አለበት፤ መከፋትን ላለማስከተል ግን ቀላል ጥፋት መሆን አለበት። ሊቀመንበሩ ይህን ያውቃል፤ እሱም በወጣትነቱ አድርጎታል። ታዲያ ምን ጠቀመ ቢባል፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ በራሱ አፍ የመሪውን ቃል እንደ ሚዛን ይጠቀማል፤ ሌላ ሚዛን ከአፉ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ከጓደኛው ጋር የተዋዋለው ሰው ራሱ በማታለል ተካፋይ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ሊያጋልጥ ይችላል። ሦስተኛና ዋናው፣ ጎረቤቱ በልቡ ምን እንደሚያስብ ማንም አያውቅም፤ የሚያየው አፉ ሲንቀሳቀስ ነው። ሁሉም ከአንገት በላይ ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ «እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ብሎ ይኖራል።

ይህች ሦስተኛዋ ነጥብ የጠቅላላው ሥርዓት ቁልፍ ናት፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

ስለ መገናኛ ብዙኃኑ ብዙ አልልም፤ ከሌሎች ኮሙኒስት አገሮች የሚለየው በጥብቀቱ ብቻ ነው። ሬድዮ በመንግሥት ጣቢያ ላይ ብቻ ተቆልፎ፣ ታሽጎ ይሸጣል፤ በየቤቱ በሽቦ የሚገባ ድምፅ ማጉያም አለ። በጋዜጣ ላይ የመሪዎቹ ስም ከሌላው ጽሑፍ ደምቆ ይታተማል፤ ምስላቸው ያለበት ገጽ ፊታቸው ላይ አይታጠፍም፣ ዕቃ አይጠቀለልበትም። የውጭ ጎብኚ ሐውልት ፎቶ ሲያነሳ ሙሉ አካል መግባት አለበት፤ እግር ወይም ራስ መቁረጥ ክልክል ነው። በጃንዋሪ 2016 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ከሆቴል ግድግዳ የመፈክር ሰሌዳ ሊወስድ ሞክሯል ተብሎ ታሰረ፤ በማርች 15 ዓመት ከባድ ሥራ ተፈረደበት። በዲሴምበር 2020 የወጣው «አፍራሽ አስተሳሰብና ባህልን» የሚያወግዝ ሕግ ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ፊልም ማየትን ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ማሰራጨትን እስከ ሞት ያስቀጣል። ሕጉ እንዲህ መክበዱ ራሱ ፊልሞቹ የሚዞሩበት ፍላሽ ዲስክ ምን ያህል ሩቅ እንደሄደ ይናገራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የስጦታው ሒሳብ ነው። በኤፕሪል 15 እና በፌብሩዋሪ 16፣ በሁለቱ መሪዎች ልደት ማለት ነው፣ ሕፃናት አንድ ኪሎ ያህል ከረሜላና ብስኩት በከረጢት ይታደላሉ። ልጁ ከረጢቱን ተቀብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስም በዚሁ መንገድ «ስጦታ» ተብሎ ይመጣል። የሚበላው ሩዝ፣ የሚለበሰው ጨርቅ፣ የሚኖርበት ቤት ሁሉ ከአንድ እጅ የወጣ ተደርጎ ሲቀርብ ምስጋናውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ወላጅ ራሱ ሠርቶ ያመጣው ነው የሚል ሐሳብ ቦታ አያገኝም። በእኔ ግምት ከሐውልቶቹ ሁሉ ይልቅ ለልጅ ልብ የሚቀርበው ይህ ከረጢት ነው።

ለዚህም ነው የ1990ዎቹ አጋማሽ ረሃብ ትልቁን ስንጥቅ የፈጠረው። የሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲቆም፣ ጎርፍ ሲጨመርበት፣ የራሽኑ ሥርዓት ወደቀ። የሟቾቹ ቁጥር ሲገመት ከብዙ መቶ ሺህ እስከ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይባላል። በዚያው ዘመን የኪም ኢል ሱንግ አስከሬን ያረፈበት የኩምሱሳን ቤተ መንግሥት በእብነ በረድ እየታደሰ ነበር፤ በየከተማውም «ታላቁ መሪ ለዘለዓለም ከእኛ ጋር ናቸው» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸባቸው «የዘለዓለም ሕይወት» ማማዎች ይቆሙ ነበር። ሰዉ ግን እየበላ የነበረው ጃንግማዳንግ ከሚባለው ገበያ ነው፤ ሴቶች የከፈቱት፣ መንግሥት ያልሰጠው። ከዚያ ጊዜ በኋላ ያደገው ትውልድ ለከረጢቱ እንደ ወላጆቹ አያለቅስም። ክፈፉን ይጠርጋል፤ ሒሳቡን ግን ለብቻው ይይዛል።

ወደ ድንጋዩ ስንመጣ፣ ሥራውን ሁሉ የያዘው በ1959 የተቋቋመው ማንሱዴ የሥነ ጥበብ ስቱዲዮ ነው። የመሪዎቹን ፊት መሳልም ሆነ መቅረጽ የሚችሉት ፈቃድ የተሰጣቸው ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰዓሊ አፍንጫውን ቢያሳስት ስሕተቱ የጥበብ ሳይሆን የፖለቲካ ይሆናል። በ1972፣ ለኪም ኢል ሱንግ 60ኛ ልደት በማንሱዴ ኮረብታ ላይ 20 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የነሐስ ሐውልት ቆመ። በ1982 ለ70ኛው ልደት 170 ሜትር የሚደርስ የጁቼ (የአገሪቱ ይፋዊ የ«ራስን መቻል» አስተሳሰብ) ግንብ ተሠራ፤ የድንጋዮቹ ብዛት 25,550 ነው፣ 70 ዓመት በ365 ቀን ሲባዛ ማለት ነው። ለአምልኮ ሥራ ቁጥር ጥሩ ቁሳቁስ ነው፤ አስጎብኚው ተረት ሳይሆን ሒሳብ ይነግርሃል።

ይኸው ስቱዲዮ ሥራውን ወደ ውጭም ልኳል። በዳካር የሚገኘው 49 ሜትር የአፍሪካ ሕዳሴ ሐውልት የእሱ እጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው፣ በ1984 ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት የተመረቀው የትግላችን ሐውልትም በሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ነው የተሠራው፤ ባለ ጠብመንጃዎቹን ጡንቸኛ ሰዎች ያየ ሰው የፒዮንግያንግን አደባባዮች ስልት ያውቀዋል ማለት ይቻላል። በኖቬምበር 2016 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2321 ሐውልት ወደ ውጭ መሸጥን ከለከለ። የሐውልት ንግድ በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ አስቂኝ ቢመስልም የውጭ ምንዛሪ ያስገኝ ስለነበር ነው።

ድንጋይ ግን አንድ ችግር አለው፤ መስመር ሲቀየር አብሮ አይታጠፍም። ፕራግ በሜይ 1955 አውሮፓ ውስጥ ትልቁን የስታሊን ሐውልት አስመረቀች፤ በዓመቱ ክሩሽቾቭ ተናገረ፣ በ1962 በፈንጂ አፈረሱት። ፒዮንግያንግ ከዚህ የተማረች ይመስላል፤ አታፈርስም፣ ትጠግናለች። በ2012 የአባትየው ሐውልት የቀድሞው ኮት ወጥቶለት ሙሉ ልብስና መነጽር፣ ፈገግታም ተደረገለት። ከጎኑ የተጨመረው የኪም ጆንግ ኢል ሐውልት በረጅም ካፖርት ተመርቆ፣ ዓመት ሳይሞላው ሰውየው በሕይወት ሳሉ በሚታወቁበት አጭር ጃኬት ተቀየረ። የማማዎቹ ጽሑፍም ሁለቱንም ስም እንዲይዝ ተደርጎ በየከተማው እንደ አዲስ ተጻፈ። ለአንድ ዐረፍተ ነገር ስንት ግንበኛ እንደሚወጣ ማሰብ ነው።

ሁለተኛው ችግር የውዳሴ ግሽበት ነው። ማወደስ የታማኝነት መለኪያ ሲሆን ትናንት የበቃው ዛሬ ያንሳል፤ ከጎረቤቱ ያነሰ ያወደሰ ሰው ተጠርጣሪ ይሆናል። በቻይና የባህል አብዮት ጊዜ በቢሊዮን የሚቆጠር የማኦ የደረት ዓርማ ከመመረቱ የተነሳ አሉሚኒየሙ ከኢንዱስትሪው እየተነጠቀ መጣና በ1969 ማዕከላዊ ኮሚቴው ራሱ እንዲቆም አዘዘ። ውድድሩን ማስቆም የሚችለው ከላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከታች ያለ ማንም «ይበቃል» ብሎ መናገር አይችልም።

የግሽበቱ ሌላኛው ጫፍ የኪም ጆንግ ኢል ልጅና የአሁኑ መሪ የሆነው የኪም ጆንግ ኡን አጎት የጃንግ ሶንግ ቴክ ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 2013 ሲገደሉ ዜና አገልግሎቱ የወንጀላቸውን ዝርዝር በይፋ አወጣ። ከመንግሥት ግልበጣ ክስ ጎን የተደረደሩት ነገሮች ለሥርዓቱ ሐተታ ናቸው፦ የወራሹ ሹመት ሲታወጅ እያቅማሙ ተነስተው በግማሽ ልብ ማጨብጨባቸው፣ መሪው በእጁ የጻፈው ደብዳቤ የተቀረጸበት የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ጥላ ባለበት ጥግ እንዲቆም ማስደረጋቸው፣ በአንድ የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ የመሪዎቹን የሞዛይክ ምስል ማሰናከላቸው። ጭብጨባ፣ ጥግ፣ ሞዛይክ። ክሱ ስለ እምነታቸው ማስረጃ አላቀረበም፤ ስለ እጃቸው ነው። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልሞች ላይ ምስላቸው ተቆርጦ ወጣ፣ የዜና አገልግሎቱ የድረ ገጽ ማኅደርም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ጽሑፎች ጠፉበት።

ሦስተኛው የውርስ ችግር ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸግረውም ይህ ነው። የኪም ጆንግ ኢል ልደት በይፋ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1942 በፔክቱ ተራራ የሽምቅ ሰፈር ውስጥ ነው ይባላል፤ ጎጆውም ተሠርቶ ይጎበኛል። የሶቪየት ሰነዶች ግን 1941፣ ካባሮቭስክ አካባቢ ያለች መንደር ይላሉ። ዓመቱ አንድ የተገፋው ከአባትየው 1912 ጋር በ30 ዓመት እንዲገጥም፣ ክብረ በዓሉም በአንድ ዓመት ላይ እንዲውል ነው የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ለኪም ጆንግ ኡን ሲደርስ ይህ ብልሃት ጎደለ። እናቱ ኮ ዮንግ ሁይ የተወለዱት ጃፓን፣ ኦሳካ ውስጥ ነው። በአገሪቱ የትውልድ መዝገብ ከጃፓን የመጣ ቤተሰብ ዝቅ ያለና የሚጠረጠር ነው። እናቱን ለማወደስ ስማቸውን መጥራት ያስፈልጋል፤ ስማቸው ከተጠራ የት እንደተወለዱ ይጠየቃል። ስለዚህ ስማቸው አይወጣም። የሴት አያቱ ኪም ጆንግ ሱክ ሐውልት ሲኖራቸው የእናቱ የለም። ይህ ሥርዓት ራሱ ባወጣው የዘር ሚዛን የራሱን መሪ ሊመዝነው ስለማይችል ዝም ማለትን መርጧል።

ተረት ከመጠን ሲያልፍ እንደሚጎዳም ገብቷቸዋል። በማርች 2019 ኪም ጆንግ ኡን ለፕሮፓጋንዳ ሠራተኞች በላከው ደብዳቤ መሪውን ተአምረኛ ማድረግ እውነቱን እንደሚሸፍን ጻፈ። በሜይ 2020 የፓርቲው ጋዜጣ ኪም ኢል ሱንግ ምድርን አጥፈው በአንድ ጊዜ ከቦታ ቦታ ይሄዱ ነበር የሚለውን የቆየ ተረት ሰው ሊያደርገው የማይችል ነው ሲል አስተባበለ። ስልክ ያለውና የገበያ ሒሳብ የሚያውቅ ወጣት በዚህ ተረት እንደሚስቅ አውቀውታል ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። በኢንተርኔት የሚዞሩ ብዙ «አስቂኝ» የሰሜን ኮሪያ ወሬዎች የፒዮንግያንግ ፕሮፓጋንዳ አይደሉም፤ የውጭ ጋዜጠኞች ፈጠራ ወይም የትርጉም ስሕተት ናቸው። በ2012 «ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ጎሬ ተገኘ» የተባለው በጥንት ንጉሥ አፈ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ የአንድ ታሪካዊ ቦታ ስም ነው። ሰዉ ሁሉ የመሪውን የፀጉር ቁርጥ እንዲቆረጥ ታዘዘ የሚለውም ማስረጃ የለውም። እነዚህን የሚያምን ሰው ሥርዓቱን የእብድ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ ቅዝቃዜውንና ስሌቱን ግን ያልፈዋል።

አሁን «ከልብ ነው ወይ?» ወደሚለው። ሁሉም ዓይነት አለ። ጦርነቱንና ከዚያ በኋላ የመጣውን የግንባታ ዘመን ያየው ትውልድ፣ በ1994 ለኪም ኢል ሱንግ ሞት ሲያለቅስ ብዙው ከልቡ ነበር ብሎ ማመን ይቻላል፤ አባት የሞተበት ያህል ነው ያደረጉት። በዚያው ሰልፍ ውስጥ ተራው ደርሶ፣ ስሙ ተቆጥሮ፣ አጠገቡ ያለው ሲያለቅስ አይቶ ያለቀሰም አለ። በአንዱ ሰው ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ከአገር የወጡ ሰዎችን ምስክርነት የሚያነብ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መቼ ወጣ፣ ከየት ክፍለ ሀገር ነው፣ ሶንግቡኑ ምን ነበር? አብዛኞቹ ከቻይና ጋር ከሚዋሰነው ሰሜን ምሥራቅ የመጡ ናቸው፤ የፒዮንግያንግ ሰው የሚያየው ሌላ ነው።

ለሥርዓቱ ግን ልዩነቱ ብዙም አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው ሰዎች የአንዱን ሆድ ሌላው እንዳያውቅ ብቻ ነው። ያ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ቡካሬስት ላይ ታይቷል። የሮማንያው መሪ ቻውሼስኩ በ1971 ፒዮንግያንግን ጎብኝተው፣ ያዩትን ወደውት ተመልሰው አገራቸው ላይ ተክለውት ነበር። ዲሴምበር 21 ቀን 1989 ሰዉን እንደ ወትሮው በየፋብሪካው አሰልፈው አደባባይ ጠሩት፤ ንግግሩ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከኋላ በኩል ጩኸት ተነሳ፤ ሰውየው እጃቸውን አንስተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ሥርጭቱ ለጥቂት ደቂቃ ተቋረጠ። ሕዝቡ ግን አይቶ ነበር። በማግስቱ በሄሊኮፕተር ሸሹ፣ በ25ኛው ቀን ተረሸኑ። ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት አጨብጫቢው ያው ሕዝብ ነበር። ስለዚህ ፒዮንግያንግ በሜይ ዴይ ስታዲየም ትርኢት 20,000 ያህል ተማሪዎችን ባለ ቀለም ገጾች አስይዛ አንድ ትልቅ ምስል ስታሳይ፣ ለወራት የሚለማመዱት ለተመልካች ብቻ አይደለም። ልጁ የሚያየው የጎረቤቱን ገጽ እንጂ ፊቱን አይደለም።

የሥርዓቱን አካሄድ መከታተል ለሚፈልግ፣ ከንግግር ይልቅ ትናንሾቹን ነገሮች ማየት ይሻላል። በሜይ 2024 በአንድ የካድሬ ማሠልጠኛ ምረቃ ላይ የኪም ጆንግ ኡን ፎቶግራፍ ከአባቱና ከአያቱ እኩል ተሰቅሎ ታየ። በጁን ባለሥልጣናት የእሱ ምስል ብቻ ያለበትን የደረት ዓርማ አድርገው ወጡ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ጋዜጣው በ1912 የሚጀምረውን የጁቼ ዘመን አቆጣጠር መጻፉን አቆመ። ልደቱ ጃንዋሪ 8 ግን እስካሁን በይፋ የበዓል ቀን አልሆነም። በቀን መቁጠሪያው ላይ ያ ቀን ቀይ ሆኖ የታተመ ዕለት የእናቱም ጉዳይ በሆነ መንገድ ተፈቷል ማለት ነው።